ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝና የአባቴ ሸማ

በጋሞ ደጋ መስቀል ሲደርስ መንገዱ በሰው ይሞላል። ዓመቱን ሙሉ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳና አካባቢው፣ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው ሲሸምኑ የከረሙ አባቶቻችን፣ ወንድሞቻችንና ልጆቻችን በዚያ ሰሞን ወደ ጨንቻ፣ ወደ ዶርዜና ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ። በሬ ይታረዳል፤ ቅቤ ይነጠራል፤ ሰው ያጠራቀመውን ሁሉ ለበዓሉ ያወጣል። በዓሉ አልፎ አውቶቡሱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ግን የመጣውን ሰው ብቻ ይዞ አይሄድም። አንድ ሁለት አዳዲስ ልጆችም አብረው ይሳፈራሉ።

እኔም እንደዚያ ተሳፍሬ የሄድኩ ልጅ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይዞኝ የሄደው የገዛ አባቴ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ከአያቴ የወረሳት መሬት ለወንድማማቾች ስትከፋፈል ለጓሮ እንሰት እንኳ የማትበቃ ሆና ነው። አራት ዓመት ሙሉ በመጀመሪያ ክር ሳጠነጥን፣ ኋላም ራሴ መወርወሪያ ይዤ ስሸምን ኖርኩ። አባቴ ታሞ ወደ አገራችን ስንመለስ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አንደኛ ክፍል የገባሁት ያኔ ነው፤ ግማሽ ዕድሜዬ ከሚሆኑ ሕፃናት ጎን ቁጭ ብዬ።

አባቴ እስኪሞት ድረስ መልስ ያላገኘለት አንድ ጥያቄ ነበረው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ዓይኑ እስኪፈዝ የሚሸምን ሰው እንዴት ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ እዚያው ድህነቱ ውስጥ ይገኛል? ሰነፍ አልነበረም። ጠጪም አልነበረም። የእጁ ሥራ የተመሰገነ ነበር። ታዲያ ገንዘቡ የት ይሄዳል? አንዳንዴ የዕድል ነገር ነው ይላል፤ አንዳንዴ የእግዜር ቁጣ ነው ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዝም ይላል።

እኔ መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አርባ ምንጭ ሴቻ ቤት ተከራይቼ በማታው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ አያያዝ ስማር ነው። አንድ መምህራችን ፎቶ ኮፒ የሆነና ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ አዋሰኝ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ይላል። ደራሲው ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ የአባቴን ጥያቄ ያነሳል ብዬ እንዴት ልጠብቅ? ሳነበው አደርኩ። ከዚያ በኋላ የሰውየውን ሕይወት እየተከታተልኩ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ። እነሆ ዛሬ ለአንባቢ ላካፍል።

የመርከቡ ልጅ

ገብረሕይወት የተወለደው በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ አድዋ አካባቢ ነው። አባቱ ባይከዳኝ የአፄ ዮሐንስ ሎሌ ነበሩ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ሲወድቁ እሳቸውም በዚያው ጦርነት ሞቱ። ልጁ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

በዚያ ላይ ክፉ ቀን መጣ። አባቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ረሀብ ነው። ከውጭ የገባ የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። ሰሜኑ በተለይ ክፉኛ ተጎዳ። አባት የሌለው ብላቴና በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ተስፋ አለው? ገብረሕይወት ገና በሕፃንነቱ ከስደተኞች ጋር ወደ ባሕሩ ወረደ። ምጽዋ አጠገብ፣ ምንኩሉ በሚባል ሥፍራ፣ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረው። እዚያ ተጠጋ።

ቀጥሎ የሆነውን ሰምቶ የማይገረም የለም። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ሊያይ ሄደ። ሌሎቹ ሲወርዱ እሱ ተደብቆ ቀረ። የተገኘው መርከቡ ባሕር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ካፒቴኑም ባሕር ላይ አይጥለው ነገር ልጅ ነው፤ አውሮፓ ወስዶ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጠው። እነሱም እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ጀርመንኛ ተማረ፤ ትምህርቱን ገፋ፤ በርሊን ሕክምና እንደተማረም ይነገራል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ያሰብኩበት ምሽት ነበር። እሱም በልጅነቱ ከአገሩ ወጣ፤ እኔም ወጣሁ። እሱን ያስወጣው ረሀብ ነው፤ እኔንም ያስወጣኝ እሱው ነው። ልዩነታችን የደረስንበት ቦታ ነው። እሱን የተቀበሉት ሰዎች መጽሐፍ ሰጡት፤ እኔ የደረስኩበት ቤት መወርወሪያ ሰጠኝ። ይህን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

በቤተ መንግሥትና በስደት

ገብረሕይወት በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ጎልማሳ ነበሩ። አውሮፓ ተመችቶኛል ብለው አልቀሩም። አማርኛን እንደገና አጥብቀው ተማሩና በአፄ ምኒልክ ዘንድ በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት አገለገሉ።

ያ ዘመን ለእኛ ለሸማኔ ልጆችም ትርጉም ያለው ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን በሙያው እየጠራ የሚያዋርድ ሰው እንደሚቀጣ የሚናገር አዋጅ ነው። ንጉሠ ነገሥት አዋጅ እስኪያወጣ ድረስ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ልብስ እየለበሰ ልብስ ሠሪውን የሚንቅ አገር ነበርን። አዋጁ ከወጣ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ እኔ ራሴ ሽሮ ሜዳ ውስጥ በዚያው ስም ተጠርቼ አልቅሻለሁ።

አፄ ምኒልክ በጠና ሲታመሙ ቤተ መንግሥቱ በፉክክር ታመሰ። ገብረሕይወትም ከዚያ ትርምስ ሸሽተው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። የመጀመሪያው ትልቅ ጽሑፋቸው፣ አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ፣ በ1904 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ ታተመ። እሳቸው ያኔ ገና ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ሆኖም የጻፉት ነገር ሽማግሌ የመከረው ይመስላል። የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ፤ ግብር በታወቀ ልክና በገንዘብ ይሁን፤ ወታደሩ ደመወዝ ይቆረጥለት እንጂ ገበሬ ላይ አይጫን፤ ገንዘቡ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሕግ ይጻፍ፤ ሃይማኖት በግድ አይሁን፤ ትምህርት ቤት ይስፋፋ የሚል ነው ሐሳባቸው።

ይህ ምክር በቤተ መንግሥት ወረቀት ላይ የሚቀር ወግ አይምሰለን። በዚያው ዘመን የጋሞ ደጋ ገበሬ ገባር ነበር። ለመልከኛና ለነፍጠኛ እህል ይሰፍራል፤ እንጨት ይፈልጣል፤ ቤት ይሠራል፤ ልኩን ግን አያውቀውም። ዛሬ ሰጥቶ ሲጨርስ ነገ ደግሞ ይጠየቃል። የተረፈውን የሚወስድበት ካለ ማን ትርፍ ለማምረት ይደክማል? ገብረሕይወት የድህነትን አንዱን ሥር ያገኙት እዚህ ላይ ነው። ሰው የላቡን ዋጋ እንደማያገኝ ካወቀ ለዕለት ጉርሱ ብቻ ይሠራል። ይህን ሰነፍ ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ እሳቸው ግን ጥፋቱን ከሥርዓቱ ላይ ፈለጉት። ገባርነት ከአገራችን የቀረው እሳቸው ካረፉ ከሃያ ዓመታት በኋላ ነው።

የድሬዳዋው ጉምሩክ

በልጅ ኢያሱ ጊዜ ገብረሕይወት ከስደት ተመልሰው እንደገና በመንግሥት ሥራ ላይ ተሰማሩ። በወጣቱ መሪ ላይ ትልቅ ተስፋ አድርገው ነበር፤ ጃፓን በአጭር ጊዜ ያገኘችውን ሥልጣኔ ኢትዮጵያም ታገኘዋለች ብለው ያምኑ ነበር። ያ ተስፋ በ1909 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ጋር አብሮ ወደቀ። በመጨረሻ የተሾሙበት ቦታ የድሬዳዋ ጉምሩክ ነው። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግም ከስማቸው ጋር ተጣብቆ የቀረው በዚሁ ነው።

ድሬዳዋ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ትልቅ ትምህርት ቤት ነበረች። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር የሚቆመው እዚያ ነው። የሚወጣው ቡና፣ ቆዳና ሰም ነው። የሚገባው በአብዛኛው ጨርቅ ነው፤ አቡጀዲ። ገበሬው ዓመት ለፍቶ ያመጣው ቡና በአንድ በኩል ይጫናል፤ ባሕር ማዶ ያለ መኪና በጥቂት ሰዓት የፈተለውና የሸመነው ጨርቅ በሌላ በኩል ይራገፋል። ሌላው ሹም እዚያ የሚያየው ቀረጥ ብቻ ነው። ነጋድራሱ ግን ከቀረጡ አልፈው አንድ ነገር አስተዋሉ።

ያስተዋሉት ይህ ነው። የአንድ ሕዝብ ሀብት ሥራውና ዕውቀቱ ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ ብዙ ድካም ሰጥቶ ትንሽ ድካም ይቀበላል። ገበያው በፈቃድ የተደረገ ይመስላል፤ ማንም ማንንም አላስገደደም። ሆኖም በየዓመቱ አንደኛው እየከበረ፣ ሌላኛው እየደኸየ ይሄዳል። ለነጋድራሱ ንግድም እንደ ጦርነት ድል አድራጊና ተሸናፊ ያለበት ነገር ነው፤ መሣሪያው ዕውቀት ነው። ባቡርም ቢሆን ዕውቀት የሌለውን ሕዝብ በራሱ አያበለጽገውም፤ ጥሬ ዕቃውን ቶሎ ያስወጣበታል፣ የሌላውን ሥራ ቶሎ ያስገባበታል እንጂ።

ነጋድራስ ገብረሕይወት በ1911 ዓ.ም. አረፉ። ዕድሜያቸው 33 ዓመት ብቻ ነበር። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን፣ አዲስ አበባ ላይ ነው። ጥሬ ዕቃ የሚሸጡ አገሮች ፋብሪካ ካላቸው ጋር ሲገበያዩ እየተጎዱ እንደሚሄዱ አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ጽፎ ዓለምን ያነጋገረው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። የእኛው ሰው መጽሐፍ በዚያን ጊዜ ታትሞ ሩብ ምዕተ ዓመት ሆኖት ነበር። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ለንደን ላይ የወጣው ግን ገና በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። አማርኛ የሚያነብ ምሁር ሞልቶ ሳለ ዓለም ይቅርና እኛም በቅጡ አላወቅናቸውም።

ሸማችንና ሙዛችን

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ ልመለስ። አባቴ ክሩን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ክሩን የሚሰጠው ነጋዴ ነው፤ በዱቤ። ሸማው ሲያልቅ የሚረከበውም ያው ነጋዴ ነው። የክሩን ዋጋ የሚናገረው እሱ፤ የሸማውን ዋጋ የሚናገረው እሱ፤ ደብተሩን የሚይዘው እሱ። አባቴ ማንበብ አይችልም። ለበዓል ብር ሲቸግረው የሚበደረውም ከዚያው ሰው ነው። ስለዚህ ሌላ ገዢ ጋ ሄዶ ልሸጥ ማለት አይችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ነጋድራሱን እስካነብ ድረስ አንድ ላይ አገጣጥሜው አላውቅም። ድሬዳዋ ላይ በሁለት አገሮች መካከል የታየው ነገር በአባቴና በነጋዴው መካከልም ነበረ። አባቴ የእጅ ሙያ እንጂ የገበያ ዕውቀት አልነበረውም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በሽሮ ሜዳ ሱቆች የሐበሻ ጥበብ የታተመበት፣ ከውጭ በፋብሪካ ተመርቶ የመጣ ጨርቅ ከእጅ ሸማ ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ዋጋው ይረክሳል። አቡጀዲ ስሙን ቀይሮ መጣ እንበል?

ወደ ቆላው እንውረድ። ጨንቻና ዶርዜ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። ከደጋው ተነስቶ ወደ ታች ሲወረድ አባያና ጫሞ ሐይቆች ይታያሉ፤ በግርጌያቸው ደግሞ የሙዝ ማሳው አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ይዘረጋል። እኔ ዛሬ እዚሁ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ። አዲስ አበባ ያለ ሰው የሚበላው ሙዝ አብዛኛው ከእኛ አካባቢ የሄደ ነው። ሙዙ ገና ሳይበስል ይቆረጣል፤ አይሱዙ ላይ ይጫናል፤ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሙዝ የሚበላሽ ነገር ስለሆነ ገበሬው ቆርጦ ሊያስቀምጠው አይችልም። ደላላው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ዋጋ የሚቆርጠው ያልዘራው ሰው ነው።

ገበሬዎቹ በማኅበር ሲደራጁ ለውጥ ያመጣው ትልቅ ማሽን አይደለም። ሚዛን ነው። ቀድሞ በግምት ይሸጥ የነበረው ሙዝ በኪሎ መመዘን ጀመረ። ቀጥሎ ስልክ ነው፤ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ዛሬ ስንት እንደዋለ ደውሎ መጠየቅ ተቻለ። ሦስተኛው ደብተር ነው፤ ማን ስንት ኪሎ አስረከበ፣ ስንት ተከፈለው የሚለው ለአባላቱ በግልጽ ይነበባል። ሁሉም ችግር ተፈታ አልልም። መኪና ሲጠፋና ዋጋ ሲወድቅ ከማኅበሩ ተደብቆ ለደላላ የሚሸጥ አባልም አለ። ቢሆንም አንድ ገበሬ ከደላላው ፊት ቆሞ ዛሬ ዋጋው እንዲህ ነው ሲል ባየሁ ቁጥር አባቴ ትዝ ይለኛል። አባቴ እንዲያ ተናግሮ አያውቅም።

ነጋድራሱ ያላዩት

ሰውን ማክበር ማለት ጉድለቱን መሸፈን አይደለም። ነጋድራስ ገብረሕይወት መዳንን የሚጠብቁት ከላይ ነበር። ብልህ ንጉሥ ከተነሳ፣ የተማሩ ሹማምንት ካገዙት፣ አገሪቱ ትለወጣለች ብለው አሰቡ። ሕዝቡን ብዙ ጊዜ የሚያዩት ያልነቃ፣ ሌላ ሰው ሊያነቃው የሚገባ አድርገው ነው። ንጉሥ ሲለወጥ ተስፋቸውም አብሮ የፈረሰው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የጋሞ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው ስለ መሬት፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ዕርቅ ሁሉም እየተናገረ ሲመክሩ ነጋድራሱ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ሸማኔዎች ሲገደሉ አርባ ምንጭ ውስጥ ቁጣ ገነፈለ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ወጣቱ ፊት ተንበረከኩ፤ በቀሉንም አስቀሩት። አገር ያየው ነገር ነው። ይህን ያደረገው የተማረ ሹም አይደለም። ዕቁቡም፣ ደቦውም፣ ዕድሩም እንዲሁ ከታች የበቀለ ዕውቀት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ሲተከል ሥር የሚይዘው፣ ከላይ በትእዛዝ ሲወርድ ግን የሚደርቀው ለዚህ ይመስለኛል። እንግዲህ የነጋድራሱን ሚዛንና ደብተር ከሽማግሌዎቻችን ዱቡሻ ጋር ማገናኘት የእኛ ድርሻ ነው።

የእህቴ ልጅ

ባለፈው መስቀል ወደ ደጋው ወጥቼ ነበር። የእህቴ ልጅ አሥር ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ይማራል። ከአዲስ አበባ የመጣ የሩቅ ዘመድ ሙያ ላስተምረው፣ ልውሰደው አለ። ለእናቱም ጥቂት ብር አሳያት። የእህቴ ባል ሐሳቡን ወዶታል። እኔ በእሳቱ ዙሪያ ቁጭ ብለን ሳለን የነጋድራሱን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ስለ ረሀቡ፣ ስለ መርከቡ፣ ስለ ጉምሩኩ።

የእህቴ ባል ግን ታሪኩን ገልብጦ መለሰልኝ። ታዲያ ሰውየው በልጅነቱ ከቤቱ ባይወጣ ኖሮ መቼ ትልቅ ሰው ይሆን ነበር አለኝ። እውነት ለመናገር ለጊዜው መልስ አጣሁ። ትንሽ ቆይቼ ነው የተናገርኩት። በዚያ በክፉ ቀን ወደ ባሕሩ የወረደው አንድ ገብረሕይወት ብቻ አልነበረም። መንገድ ላይ የወደቁት ልጆች ስማቸው አልተጻፈም። እሱን ትልቅ ሰው ያደረገው ከቤቱ መውጣቱ ሳይሆን ትምህርት መግባቱ ነው። ሰውየው ራሱ አድጎ ዕድሜውን የፈጀው የሀገሩ ልጅ ለመማር መርከብ ውስጥ መደበቅ የማያስፈልገው እንዲሆን ነው።

የእህቴ ባል እሳቱን እየቆሰቆሰ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ የጠየቀኝ ስለ ነጋድራሱ አልነበረም። የደብተሩንና የልብሱን ወጪ ማን ይችላል አለኝ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። የዓመቱን እኔ እችላለሁ አልኩት፤ የሚቀጥለውን ዓመት አብረን እናስብበታለን። እህቴም የፈተለችውን ክር ለነጋዴው በዱቤ ከመስጠት ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና በአንድ ላይ ወደ ጨንቻ ገበያ ለማውጣት ተስማማች። ለዚህም አንድ ሚዛን ያስፈልጋቸዋል። ከአርባ ምንጭ ገዝቼ ልኬላቸዋለሁ።

አውቶቡሱ በማግስቱ ሄደ። የእህቴ ልጅ አልተሳፈረም። በመስኮቱ ግን ሌሎች ሁለት ልጆች ሲያጮልቁ አይቻለሁ።

ቸር ይግጠመን።